ሰፈራችሁ ያለውን አሞኒያ እንዴት ትለኩታላችሁ፣ ከዶሮ ቤቱ እስከ ዛፉና ሐይቁ

ቢሾፍቱ የኖረ ሰው ይሄን ሽታ ሳልነግረው ያውቀዋል። ማታ ንፋሱ ጸጥ ሲል ከዶሮ ቤቶቹ በኩል ይመጣና ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ አንዱ "ያው ኩስ ነው" ብሎ መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል፣ ሌላው ልጁን ሳል በያዘው ቁጥር እርባታውን ይረግማል። ሁለቱም ጋ ግን ከኩስ የሚወጣው አሞኒያ የሚባለው ጋዝ ስንት እንደሆነ የሚናገር ቁጥር የለም። ቁጥር ከሌለ ደግሞ ቀበሌ ብትሄዱም ባለቤቱን ብታናግሩም ነገሩ "ይሸታል"፣ "ኧረ አይሸትም" ሆኖ ይቀራል። እኔ ትምህርቴም በዚሁ ነው፣ ሰፈሬ ላይም ዓመት ያህል ለክቻለሁ፣ ስለዚህ የሚሰራውንና የማይሰራውን እንዳለ ልጻፍላችሁ። ምሳሌዬ ቢሾፍቱ ይሁን እንጂ ከብት ማድለቢያ ወይም ትልቅ የፍግ ክምር አጠገብ የምትኖሩም ሰዎች የምታደርጉት ያው ነው።

ከሁሉ በፊት አፍንጫችሁን አትመኑት። ብዙ ሰው አሞኒያን በማሽተት የሚለየው ወደ 5 ፒፒኤም ሲጠጋ ነው፣ ፒፒኤም ማለት ከሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ አንዷ ማለት ነው፣ እሱንም ቢሆን አፍንጫ ይለምደዋል፣ ዶሮ ቤት የሚሰራ ልጅ "ምንም የለም" ቢላችሁ እየዋሸ አይደለም፣ እውነትም አይሸተውም። ሌላው ደግሞ ከእርባታ የሚመጣው ሽታ አሞኒያ ብቻ አይደለም፣ ከኩስ የሚወጡ መጠናቸው በጣም ትንሽ ሆኖም የሚሸቱ ሌሎች ጋዞች አሉ፣ ግማሽ ኪሎሜትር ርቃችሁ የሚሸታችሁ ብዙውን ጊዜ እነሱ ናቸው። ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፣ ዛፍና ሳር የሚጎዳበት መጠን አፍንጫ ከሚደርስበት መጠን በጣም በጣም በታች ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። በባህር ጠለል ላይ 1 ፒፒኤም አሞኒያ ማለት በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ውስጥ 0.7 ሚሊግራም ገደማ ነው። ቢሾፍቱ ከፍታዋ 1,900 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል፣ ስለዚህ 0.55 ሚሊግራም፣ ማለትም 550 ማይክሮግራም አድርጋችሁ ያዙት (ይሄን የከፍታ ማስተካከያ ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ከኢንተርኔት ያገኘውን 0.7 ዝም ብሎ ያባዛል)። እና 5 ፒፒኤም ከ2,700 ማይክሮግራም በላይ ነው ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ2007 እ.ኤ.አ. የተቀበለው የእጽዋት ወሰን ግን በዓመት አማካይ ለላይከን (ለድንጋይ ሽበት) እና ለሞስ (እርጥብ ቦታ ላይ ለሚለጠፈው ለስላሳ አረንጓዴ ተክል) 1 ማይክሮግራም፣ ለሌሎች እጽዋት 3 ማይክሮግራም ነው። በአፍንጫና በዛፍ መሀል ወደ ሺህ እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት አለ። ወሰኑ የተሰራው በአውሮፓ እጽዋት ላይ ስለሆነ እኛ አገር እንደ መመሪያ እንጂ እንደ ህግ አትውሰዱት፣ ግን ከዚህ የተሻለ መነሻ የለንም።

ስለዚህ መጀመሪያ ጥያቄያችሁን ለዩ። "ዶሮ ቤት ውስጥ የሚሰራው ልጅና ዶሮው እየተጎዱ ነው ወይ" ከሆነ የምትለኩት በፒፒኤም ነው፣ በደቂቃ ውስጥ መልስ ታገኛላችሁ። "ሰፈሩ፣ ዛፉ፣ ሐይቁ ምን እየሆነ ነው" ከሆነ የምትለኩት በማይክሮግራም ነው፣ ወራት ይፈጃል። መሳሪያው አንድ አይደለም። በመጀመሪያው መሳሪያ ሁለተኛውን ለመመለስ የሞከረ ሰው ሁልጊዜ "ዜሮ" ያነባል፣ ከዛ "ብክለት የለም" ተብሎ ይጻፋል፣ ይሄ ስህተት በጣም ያሳዝነኛል ምክንያቱም አንዴ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ማንም መልሶ አይለካም።

ቤት ውስጡን በአጭሩ ልንገራችሁ። ቀለም የሚቀይር የጋዝ መለኪያ የመስታወት ቱቦ ከነእጅ ፓምፑ ካገኛችሁ ጥሩ ነው፣ ካልሆነ ደግሞ በዲስቲልድ ውሃ የራሰ የፒኤች ወረቀት (ፒኤች የኮምጣጣነት መለኪያ ነው፣ 7 መሀል ነው) ለ15 ሰከንድ ያህል አየር ላይ ይዛችሁ ቀለሙን ማየት ግምት ይሰጣችኋል። ቁመታችሁ ላይ ቆማችሁ አትለኩ፣ ቁጭ በሉና የዶሮው ጭንቅላት ባለበት ከፍታ ለኩ። ሰዓቱ ደግሞ ጠዋት የዶሮ ቤቱ የጎን ሸራ ሳይገለጥ በፊት ይሁን፣ ከተገለጠ በኋላ የምታገኙት ቁጥር የሌሊቱን አያሳይም። የአውሮፓ ህብረት ለብሮይለር (ለስጋ ዶሮ) ያስቀመጠው ጣሪያ 20 ፒፒኤም ነው፣ ለሰራተኛ ደግሞ የአሜሪካው የስራ ጤና ተቋም ናዮሽ በስራ ቀን አማካይ 25፣ ለ15 ደቂቃ 35 ይላል፣ 300 ከደረሰ ለህይወት አደገኛ ነው ብሎ ነው የሚመድበው። በአሞኒያ የሚሰራ ትልቅ ማቀዝቀዣ አፈትልኮ የሚያፍን ሽታ ድንገት ከመጣ መለካት ምናምን የለም፣ ንፋሱ ሽታውን ከሚወስድበት መስመር ወደ ጎን ወጥታችሁ ሽሹ። ኤምኪው 135 የሚባለው ርካሽ ሴንሰር ተማሪዎች በጣም ይወዱታል፣ እሱ ግን ጭስም አልኮልም አሞኒያም አይለይም፣ እርጥበት ሲጨምርም ንባቡ ይዋዥቃል፣ ዶሮ ቤት ውስጥ "ጨመረ ቀነሰ" ለማየት ይሆናል እንጂ ለሰፈር አየር በፍጹም አይሆንም።

አሁን ወደ ሰፈሩ። እዚህ የሚሰራው ፓሲቭ ሳምፕለር ነው፣ መብራትም ፓምፕም የማይፈልግ ትንሽ የፕላስቲክ እቃ፣ ውስጡ ሲትሪክ አሲድ ወይም ፎስፎሪክ አሲድ የጠጣ ማጣሪያ ወረቀት አለ፣ አሞኒያው በራሱ ጊዜ እየገባ አሲዱ ይይዘውና አሞኒየም ያደርገዋል፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ተሰቅሎ ይቆይና ላቦራቶሪ ውስጥ በውሃ ታጥቦ አሞኒየሙ ይለካል። አልፋ የሚባለውን የእንግሊዙ የኢኮሎጂና ሃይድሮሎጂ ማዕከል ነው የሰራው፣ ራዲዬሎ የሚባል የጣልያንም አለ። ከውጭ ማስመጣት ይወደዳል ግን የውሃ ወይም የአፈር ላቦራቶሪ ያለው ዩኒቨርሲቲ ካናገራችሁ አሞኒየምን በኢንዶፌኖል ሰማያዊ ዘዴ መለካት ለነሱ የየቀን ስራ ነው፣ አንድ ጎበዝ የማስተርስ ተማሪ ካገኛችሁ ደግሞ ስራው ግማሽ አለቀ።

ስትሰቅሉ የምትጠነቀቁት ብዙ ነገር አለ፣ እዚህ ላይ ነው ልፋት ሁሉ ገደል የሚገባው። ከመሬት 1.5 ሜትር ያህል ከፍ አድርጉ፣ ከዝናብ የምትከልል ትንሽ ክዳን ከላይ፣ ከግድግዳና ከቅጠል ራቅ። በአንድ ቦታ ሦስት ሦስት ስቀሉ፣ ሦስቱ ካልተቀራረቡ ያንን ወር አትመኑት። ሁለት ሦስቱን ደግሞ ሳትከፍቱ ይዛችሁ ዙሩና ከሌሎቹ ጋር ላቦራቶሪ አስገቡ፣ እነዚህ ባዶ ይባላሉ፣ የነሱ ንባብ ከሌላው ላይ ይቀነሳል። የእጃችሁ ላብም ትንፋሻችሁም አሞኒያ አለው፣ ጓንት አድርጉ፣ ሲጋራ ያጨሰ ሰው አይንካው፣ ከታሸገ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ፣ ግን ሽንት ቤት አጠገብ ያለ ክፍል ውስጥ እንዳታስቀምጡት።

ቦታ አመራረጥ ላይ ንፋሱን እወቁ። ረጅም እንጨት ላይ ቀጭን ጨርቅ አስራችሁ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አቅጣጫውን ለሁለት ሳምንት መጻፍ በቂ ጅማሬ ነው፣ የረጅም ጊዜውን ደግሞ ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት መጠየቅ ይቻላል። በበጋና በክረምት አቅጣጫው ይቀያየራል፣ ስለዚህ በአንድ ወቅት ብቻ የተሰራ መስመር አያስተማምንም። ከእርባታው አጥር ጀምራችሁ ንፋሱ በሚሄድበት በኩል በ50፣ በ100፣ በ200፣ በ400፣ በ800 ሜትር ስቀሉ፣ አንድ ደግሞ በተቃራኒው በኩል ከማንኛውም እርባታ ቢያንስ 2 ኪሎሜትር ርቆ ይሁን፣ እሱ ማነጻጸሪያችሁ ነው። ርቀቱ እጥፍ እጥፍ እየሆነ የሚሄደው ያለምክንያት አይደለም፣ አሞኒያ ከምንጩ አጠገብ በጣም ከፍ ብሎ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ውስጥ ነው ቶሎ የሚወርደው፣ ቁልቁለቱን ለማየት ቅርቡ ላይ ብዙ ነጥብ ያስፈልጋል። ቁልቁለቱ ከታየ ምንጩ እርባታው ነው ለማለት ጥሩ ማስረጃ አላችሁ፣ ካልታየና ሁሉም ነጥብ እኩል ከሆነ ግን ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው።

እና ሌላ ምንጭ ሞልቷል እኮ። የጋሪ ፈረስ ማቆሚያ አለ፣ የጓሮ ከብት አለ፣ ጉድጓድ ሽንት ቤት አለ፣ ዙሪያችን ያለው የአድአ ጤፍ ማሳ ላይ በሐምሌና ነሐሴ ዩሪያ ይበተናል፣ አፈር ላይ ተበትኖ ያልተሸፈነ ዩሪያ ከናይትሮጅኑ ቀላል የማይባል ድርሻ ወደ አየር ይለቃል። እኔ አንዱ ነጥቤ ላይ ሁለት ወር ተከታታይ ከጎረቤቶቹ ነጥቦች በጣም የበለጠ ንባብ አገኘሁ፣ ቁልቁለቱን ሁሉ አበላሸብኝ፣ ሄጄ ሳይ ከአጥሩ ጀርባ የጥበቃው ሽንት ቤት አለ፣ በሁለት ሜትር ርቀት። የሁለት ወር ዳታ ነው የጣልኩት። ከመስቀላችሁ በፊት በ30 ሜትር ዙሪያ ያለውን በእግራችሁ ዙሩና እያንዳንዱን ነገር ጻፉ፣ ጥበቃውንም "ወንድሜ እዚህ አካባቢ ሽንት የሚሸናበት አለ ወይ" ብላችሁ ጠይቁት፣ አያፍርም።

ለምን ያህል ጊዜ? ዓመት ሙሉ ከሆነ ነው ከወሰኑ ጋር የሚነጻጸረው፣ ምክንያቱም ወሰኑ የዓመት አማካይ ነው። ሙቀት በ5 ዲግሪ ሲጨምር የሚተነው አሞኒያ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል፣ የሚያዝያና የኅዳር ቁጥር አንድ ሊሆን አይችልም። ከዛ ደግሞ የበዓሉ ነገር አለ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ተብሎ የሚደርስ ዶሮ ይበዛል፣ ከበዓል በኋላ ቤቱ ይጠረጋል፣ ያ ሁሉ የሰጋቱራ ጉዝጓዝ ከነኩሱ ሲገለበጥ ያለው ሳምንት ከመደበኛው ጋር አይገናኝም። ዓመት ካልቻላችሁ ቢያንስ አንድ የበጋና አንድ የክረምት ወር፣ እና አንድ በዓል የሚያልፍበት ወር ያዙ። በጎን ደግሞ ደብተር ይኑራችሁ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ንፋስ፣ ዝናብ፣ ሽታ ከ0 እስከ 5፣ እርባታው ውስጥ የታየ ነገር። ሁለት ሦስት ጎረቤት ለየብቻ ቢጽፍ ይሻላል፣ ተነጋግራችሁ አትሙሉት።

ቁጥሩ ሲመጣ ምን ያህል ናይትሮጅን መሬት ላይ እንደሚወርድ ማስላት ይቻላል። ለሳርና ለአጭር ተክል በዓመት አማካይ 1 ማይክሮግራም አሞኒያ በሄክታር ወደ 5.2 ኪሎ ናይትሮጅን ያወርዳል፣ ለደን ወደ 7.8 ኪሎ፣ ዛፍ ሻካራ ስለሆነ ከአየሩ ብዙ ይይዛል። እንበል የግጦሽ መሬት ላይ 4 ማይክሮግራም አገኛችሁ፣ በ5.2 ሲባዛ ወደ 21 ኪሎ። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ነው ያለው፣ ስለዚህ ማንም ሳይበትነው በየዓመቱ ግማሽ ኩንታል የሚጠጋ ዩሪያ በእያንዳንዱ ሄክታር ላይ እየወረደ ነው ማለት ነው፣ ለገበሬ እንዲህ ብላችሁ ስትነግሩት ወዲያው ይገባዋል። "ታዲያ በነጻ ማዳበሪያ ምን ችግር አለው" የሚል ይመጣል፣ ጤፍ ላይ ከሆነ እሺ፣ የዱር ሳርና የአገር በቀል ዛፍ ስር ከሆነ ግን ናይትሮጅን የሚወዱት ጥቂቶቹ ሌላውን ይውጡታል፣ አፈሩም አሞኒየሙ ወደ ናይትሬት ሲቀየር እየኮመጠጠ ይሄዳል።

ዛፉን ማየት እኔ በጣም የምወደው ክፍል ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ላይከን ማለት ቅርፊትና ድንጋይ ላይ የሚለጠፈው ግራጫ፣ አረንጓዴ ወይም ብርቱካናማ ነገር ነው፣ የድንጋይ ሽበት የምንለው። ስር ስለሌለው የሚበላውን ሁሉ ከአየርና ከዝናብ ነው የሚያገኘው፣ ለዛ ነው ቀድሞ የሚናገረው። እንደ ሽማግሌ ጺም ከቅርንጫፍ የሚንጠለጠለው ዓይነት አሞኒያ አይወድም፣ ቅርፊት ላይ ጥብቅ ብሎ የሚለጠፈው ብርቱካናማ ቢጫ ዓይነት ደግሞ ይወደዋል። ከእርባታው እየራቃችሁ አንድ ዓይነት ዛፍ ምረጡ፣ ግራር ከጀመራችሁ እስከመጨረሻው ግራር፣ ውፍረቱም የሚቀራረብ፣ ባህር ዛፍ አይሆንም ቅርፊቱን ይጥላል። በእያንዳንዱ ቦታ ቢያንስ አምስት ዛፍ፣ ግንዱ ላይ በደረት ከፍታ 10 በ50 ሳንቲሜትር የሆነ፣ በአምስት ካሬ የተከፈለ የገመድ ፍሬም ለጥፉና ስንቱ ካሬ ውስጥ የትኛው ዓይነት እንዳለ ቁጠሩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ስሙን ባታውቁት "ብርቱካናማ ጥብቅ"፣ "ግራጫ ቅጠላማ"፣ "ጺም" ብላችሁ መመደብ ይበቃል። ትንሽ ቅርፊት ፍቃችሁ በዲስቲልድ ውሃ ነክራችሁ ፒኤቹን ለኩ፣ አሞኒያ የቅርፊቱን ፒኤች ከፍ ያደርገዋል። ግን ተጠንቀቁ፣ የኮረኮንች መንገድ አቧራም እንዲሁ ያደርጋል፣ ስለዚህ መንገድ ዳር ያለ ዛፍ አትውሰዱ። ከእርባታው አጥር አጠገብ ያለ ጽድ ወደ እርባታው የዞረው ጎኑ ብቻ ቡናማ ሆኖ ከተቃጠለ እሱ ጠንካራ ምልክት ነው፣ ዙሪያውን እኩል ከደረቀ ግን የውሃ ጥማት ሊሆን ይችላል። ሳማ በድንገት የበዛበትን ቦታም መዝግቡ፣ ናይትሮጅን ያለበትን ይወዳል።

ሐይቁ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እዚህ ላይ ሰው ቶሎ ይፈርዳል። ያቺ የ5.2 ቁጥር ለሐይቅ አትሰራም። ሆራም ሆነ ቢሾፍቱ ሐይቅ ፒኤቻቸው 9 አካባቢና ከዛም በላይ ነው፣ እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ያለ አሞኒየም ሲሶ ገደማው ወይም ከዛ በላይ ወደ ጋዝ አሞኒያ ስለሚቀየር ውሃው ራሱ ወደ አየር ሊለቅ ይችላል። የታንዛኒያው ናትሮን ሐይቅ ዳርቻ ከሳተላይት የሚታይ ትልቅ የተፈጥሮ አሞኒያ ምንጭ መሆኑ በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል፣ እኛም ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን ያለነው። ስለዚህ አንድ ሳምፕለር ሐይቁ ዳር ስቀሉና ከሌላው ጋር አነጻጽሩት። ደግሞም ያ የተቀየረው ጋዝ አሞኒያ ነው አሳ የሚገድለው፣ በፒኤች 7 ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፣ በ9 ግን ሲሶ ገደማ ነው፣ ያው መጠን ያለው ፍሳሽ አዋሽ ውስጥ ሲገባና ሆራ ውስጥ ሲገባ ጉዳቱ አይገናኝም። አሳ ሞቶ ሲንሳፈፍ ግን በቀጥታ እርባታው ነው አትበሉ፣ በቀዝቃዛው ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር የላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ሲገለበጥ ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ውሃ ወደላይ ወጥቶ አሳ ይገድላል፣ እርባታ ሳይኖርም የነበረ ነገር ነው። ቀኑን፣ የውሃውን ሙቀት፣ ፒኤችና ኦክስጅን በዛው ቀን ለኩ። በክረምት ከፍግ ክምር ታጥቦ በቦይ የሚገባው ውሃም ከአየር ከሚመጣው ሊበልጥ ይችላል፣ ቦዩን ሳታዩ አየሩን አትክሰሱ።

ሳተላይት ላይ ማየት ይቻላል ወይ ለምትሉ፣ ኢያሲ የሚባለው መሳሪያ አሞኒያን ያያል ግን አንዷ ነጥቡ 12 ኪሎሜትር ገደማ ናት፣ ከተማዋ ከነእርባታዎቿ ተጨፍልቃ አንድ ነጥብ ትሆናለች፣ ለሰፈር አይረዳም።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ይዛችሁ መጀመሪያ ወደ ባለቤቱ ሂዱ። እኔ የሄድኩበት ሰውዬ "አንተ ልታዘጋኝ ነው የመጣኸው" ነበር ያለኝ፣ "ጋሼ፣ ይሄ የሚተነው ናይትሮጅን እኮ የገዙት መኖ ነው" ብዬ ቁልቁለቱን በስዕል ሳሳየው ቁጭ ብሎ አየው። አንድ እንቁላል ጣይ ዶሮ በዓመት ጥቂት መቶ ግራም አሞኒያ ነው የምትለቀው፣ 10,000 ዶሮ ያለው ሰው በቶን የሚቆጠር ይለቃል። የምትጠይቁት ነገር የተጋነነ አይሁን፣ የሚያንጠባጥበው የውሃ መጠጫ ይጠገን፣ ጉዝጓዙ ደረቅ ይሁን (ሁሉም ነገር እርጥበቱ ላይ ነው፣ ዩሪክ አሲዱን ወደ አሞኒያ የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች እርጥበት ይፈልጋሉ)፣ የኩሱ ክምር ይሸፈን፣ ለገበሬ የሚሸጠው ማሳ ላይ በተበተነ በሰዓታት ውስጥ ይታረስበት፣ በሰፈሩ በኩል ጥቅጥቅ ያለ የዛፍ መስመር ይተከል።

እምቢ ካለ ህጉ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ባለስልጣኑ ወይም ለክልሉ መስሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም በውሳኔው ካልተስማማችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ስለዚህ አቤቱታውን ያስገባችሁበትን ቀን ማህተም ያለበት ቅጂ ያዙ። አባሪው ላይ የነጥቦቹን ካርታ፣ የየወሩን ንባብ ከነባዶዎቹ፣ የጣላችሁትን ዳታና ለምን እንደጣላችሁት፣ የዛፎቹን ፎቶ ከነቀኑ አድርጉ። የጣላችሁትን መደበቅ የለም፣ ሌላኛው ወገን ባለሙያ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ባለቤቱ የሆነ ነገር ካስተካከለ ደግሞ ሳምፕለሮቹን በዛው ቦታ፣ በዛው ወር፣ በዛው ከፍታ መልሳችሁ ስቀሉ፣ ሚያዝያን ከሚያዝያ ጋር። አየሩ በወራት ውስጥ ሊቀንስ ይችላል፣ ላይከኑ ግን ለመመለስ ዓመታት ይወስድበታል፣ የዛፎቹን ግንድ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ፎቶውን አስቀምጡት።